ነዳጅ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሸጡ መሣሪያዎች፦ ገዢው ማወቅ ያለበት

በደቡብ ጎንደር ዞን ሊቦ ከምከም ወረዳ በምትገኘው በይፋግና በአካባቢዋ የነዳጅ ዋጋ የሚያሳስበው ባለመኪናውን ብቻ አይደለም። በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው አርሶ አደር የውሃ መሳቢያ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው በነዳጅ ነው። በአዲስ ዘመን ከተማ የሚሠራው የባጃጅ አሽከርካሪ፣ ሩዝና ሽንኩርት ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው የአይሱዙ ባለቤት፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌርም የዕለት ገቢያቸውን የሚያሰሉት የነዳጅ ወጪያቸውን ቀንሰው ነው። አገሪቱ ነዳጅን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ በኩል የምታስገባ መሆኗ፣ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ ድጎማ በደረጃ እየተቀነሰ እንዲሄድ መደረጉ ይታወቃል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ «ከ20 እስከ 30 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚል ማስታወቂያ ሰሚ ማግኘቱ አያስገርምም።

እነዚህ መሣሪያዎች በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች፣ በመለዋወጫ መደብሮችና በጋራዦች አካባቢ ለሽያጭ የሚቀርቡ ናቸው። ቅርጻቸውና ስማቸው ቢለያይም የሚሰጡት ተስፋ ተመሳሳይ ነው፦ ሞተሩን ሳይነኩ፣ አነዳድን ሳይለውጡ፣ በጥቂት ደቂቃ ገጠማ ብቻ የነዳጅ ፍጆታን በከፍተኛ መጠን መቀነስ። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተስፋው ምን ያህል መሠረት እንዳለው፣ ገዢው ራሱ እንዴት ሊመዝነው እንደሚችልና ተታሎ ከተገኘ ምን መብት እንዳለው ለማስረዳት ነው።

ነዳጁ ወዴት ይሄዳል?

የመሣሪያዎቹ ሻጮች በብዛት የሚያነሡት መከራከሪያ «ሞተሩ ከሚገባለት ነዳጅ አብዛኛውን ሳያቃጥል በማርሚታ ያስወጣዋል፤ መሣሪያው ይህንን ያቃጥላል» የሚል ነው። መከራከሪያው እውነት የሚመስለው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አንድ የቤንዚን መኪና ከሚወስደው ነዳጅ ኃይል ውስጥ ጎማውን ለማንቀሳቀስ የሚውለው እንደ አነዳዱና እንደ መንገዱ ከ12 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቀሪው ኃይል የጠፋው ነዳጁ ሳይቃጠል ቀርቶ አይደለም። በጤናማና በሞቀ ሞተር ውስጥ ከነዳጁ ከ97 በመቶ በላይ ይቃጠላል። ኃይሉ የሚባክነው ከተቃጠለ በኋላ ነው፤ በሙቀት መልክ በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል፣ በሰበቃም ያልቃል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ቃጠሎውን ፍጹም ቢያደርገው እንኳ ሊያተርፍ የሚችለው ከ3 በመቶ ያነሰውን ነው። 30 በመቶ የሚያህል ነዳጅ ሳይቃጠል የሚያስወጣ ሞተር ቢኖር ጥቁር ጭሱና ሽታው ለመንደሩ ሁሉ ይታወቅ ነበር፤ መፍትሔውም ጥገና እንጂ ተጨማሪ ዕቃ አይሆንም።

በነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰረው ማግኔት ከሁሉም የቆየና የተስፋፋ ዓይነት ነው። «የነዳጁን ቅንጣቶች ይበትናል» ይባልለታል። ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ በማግኔት የመሳብም ሆነ የመገፋት ጠባያቸው እጅግ ደካማ ስለሆነ በቱቦው ውስጥ በሚያልፉበት አጭር ጊዜ የአቃጠላቸውን ጠባይ የሚለውጥ ነገር አይደርስባቸውም። በገበሬው የውሃ ሞተር ቱቦ ላይ ቢታሰርም ውጤቱ ያው ነው።

ከውሃ ጋዝ አውጥቶ ለሞተሩ ይመግባል የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። መሣሪያው ከመኪናው ባትሪ ኤሌክትሪክ ወስዶ ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ይከፍላል፤ ይህ በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው። ነገር ግን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጁ ነው። በእያንዳንዱ እርከን ኃይል ስለሚባክን መጨረሻ ላይ ከጋዙ የሚገኘው ኃይል ጋዙን ለማውጣት ከወጣው ያንሳል። ከዚህም በላይ ሃይድሮጂን በቀላሉ የሚቀጣጠልና የሚፈነዳ ጋዝ በመሆኑ በፕላስቲክ ማሰሮና በተራ ቱቦ ከሞቀ ሞተር አጠገብ እንዲመነጭ ማድረግ ለተሳፋሪም ለአሽከርካሪም አደጋ ነው።

በአየር ማስገቢያው ውስጥ የሚቀመጠው፣ አየሩን ያሽከረክራል የሚባለው ባለክንፍ ቀለበት የአየሩን መንገድ ያጠብባል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም። በመኪናው የኮምፒዩተር መመርመሪያ ሶኬት ላይ የሚሰካው አነስተኛ ሳጥንም «የሞተሩን ፕሮግራም ያስተካክላል» ተብሎ ይሸጣል። ከእነዚህ ሳጥኖች አንዳንዶቹ በባለሙያዎች ተከፍተው ሲታዩ ብልጭ ድርግም ከሚሉ መብራቶች በቀር ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር የሚነጋገርበት ክፍል አልተገኘባቸውም። በአገራችን መንገዶች ከሚታዩት የቆዩ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ሶኬቱም የላቸውም።

ወደ ነዳጅ ጋን የሚጨመሩ ፈሳሾችና እንክብሎችን በአንድነት መፈረጅ ተገቢ አይሆንም። የቆሸሸ ኖዝልን የሚያጸዱ ፈሳሾች አሉ፤ የነዳጅ መስመሩ በእርግጥ ቆሽሾ ከነበረ ሞተሩን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሊመልሱት ይችላሉ። አዲስ ከነበረበት የተሻለ አያደርጉትም። ምንነታቸው ያልተገለጸ እንክብሎች ግን የጎማ ማሸጊያዎችን ሊጎዱና የነዳጅ ፊልትሮን ሊደፍኑ ይችላሉ።

በሌሎች አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች

ተአምራዊ ቁጠባ የሚለው ተስፋ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ቻርልስ ኔልሰን ፖግ የተባለ ካናዳዊ በአንድ ጋሎን ከ200 ማይል በላይ ያስኬዳል ስለተባለ ካርቡሬተር የፈጠራ መብት ማረጋገጫዎችን አግኝቶ ነበር። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ በሻጮች ይጠቀሳል። መታወቅ ያለበት ነገር የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ሐሳቡ አዲስ መሆኑንና የማን መሆኑን የሚመለከት ሰነድ መሆኑ ነው፤ ማስታወቂያው የሚለውን ያህል ነዳጅ መቆጠቡን አያረጋግጥም።

በጉዳዩ ላይ ሰፊውን ሥራ የሠራው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ መሣሪያዎችን ገምግሟል ወይም ፈትሿል፤ ፍጆታን በጉልህ የሚቀንስ አንድም አላገኘም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ሞተርን ሊጎዱ ወይም የጭስ ብክለትን ሊጨምሩ እንደሚችሉ ተረጋግጧል። ጥቂቶቹ አነስተኛ ቁጠባ አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዱ መኪናው ፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ የአየር ማቀዝቀዣውን ለአፍታ የሚያጠፋ መሣሪያ ነበር፤ ቁጠባውም የሚገኘው ማቀዝቀዣው እየሠራ ከነበረ ብቻ ነው። በደብረ ታቦር ብርድ ማቀዝቀዣ የሚከፍት ሰው ስለማይኖር መሣሪያው እውነተኛ ቢሆንም ለአካባቢው የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ፖፑላር ሜካኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2005 ማግኔትንና የአየር ማሽከርከሪያን ጨምሮ የተለያዩ መሣሪያዎችን በመለኪያ ማሽን ላይ ፈትሾ የረባ ቁጠባ ሳያገኝ ቀርቷል፤ አንደኛው መሣሪያ በሙከራው ላይ እያለ በእሳት ተያይዟል።

የወረታ–ደብረ ታቦር ዳገት የሚያስተምረው

ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መለኪያ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,830 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። ከነጭነቱ 5 ቶን የሚመዝን አንድ አይሱዙ ይህን የ870 ሜትር ልዩነት ለመውጣት ብቻ 43 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይዟል፤ ሞተሩ ከዚህ ወደ ሥራ የሚለውጠው 30 በመቶ ያህሉን ነው ቢባል መኪናው ዳገቱን ለመውጣት ብቻ 4 ሊትር ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። ይህ ስሌት የጎማውን ሰበቃና የነፋሱን ግፊት አይጨምርም። ክብደትን ወደ ላይ የማንሣት ሥራ ስለሆነ በቱቦ ላይ የታሰረ ማግኔትም ሆነ በሶኬት ላይ የተሰካ ሳጥን ሊቀንሰው አይችልም። የሚቀንሰው ጭነቱ ሲቀንስ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ መኪና ምንም መሣሪያ ሳይገጠምለት በወጣበት ጊዜ ከተጠቀመው በእጅጉ ያነሰ ነዳጅ ይጠቀማል። መሣሪያው በደብረ ታቦር ተገጥሞ «እስከ ወረታ ነድተህ ተመልከት» የሚባል ገዢ የሚያየው የቁልቁለቱን ሥራ ነው። ባዶ መመለስና ጭኖ መውጣት፣ የሰኞ ገበያና የአዘቦት ቀን፣ ደረቅ መንገድና የክረምት ጭቃ ተመሳሳይ የስሕተት ምንጮች ናቸው።

ከፍታው በሞተሩ ላይ የሚያሳድረው ተጽእኖ ግን እውነተኛ ነው። በደብረ ታቦር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ካርቡሬተር ያላቸው የቆዩ መኪኖች፣ ዲኤክስ የሚባሉት ኮሮላዎች ለምሳሌ፣ እንዲሁም ካርቡሬተር ያላቸው ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክለው ከነበረ በደጋ አየር ሲነዱ አየሩ ያንሳቸዋል፤ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላቸው ይጠቁራል። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተርም በዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣው በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን የሚፈታው ካርቡሬተሩን ወይም የናፍጣ ፓምፑን ለአካባቢው ከፍታ የሚያስተካክል የሠለጠነ መካኒክ ነው። ኮምፒዩተር ያላቸው ሞተሮች የአየሩን መጠን በራሳቸው መለኪያ እያዩ ነዳጁን ስለሚመጥኑ ይህ ችግር ብዙም አይታይባቸውም።

በዚሁ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚፈጸም አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ ይኸውም ቁልቁለትን በፎሌ መውረድ ነው። ማርሹ ከወጣ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ልማዱ የታሰበውን ቁጠባም አያስገኝም። ነዳጅ በኖዝል የሚረጭላቸው ዘመናዊ ሞተሮች መኪናው በማርሽ እየወረደ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ያቋርጣሉ፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። በማርሽ የሚወርድ አሽከርካሪ ነዳጅም ሕይወትም ይቆጥባል።

መሣሪያን በራስ መለካት

«ከገጠምኩት ወዲህ ልዩነት አይቻለሁ» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ይዋሻሉ ማለት አይደለም። ገንዘብ ያወጣበትን ነገር የሚከታተል አሽከርካሪ ሳይታወቀው ረጋ ብሎ ይነዳል። መሣሪያውን የሚገጥመው መካኒክም በዚያው ቀን ካንዴላ ያጸዳል፣ ፊልትሮ ይለውጣል፣ ጎማ ያስነፋል። ቁጠባው እውነት ነው፤ ምስጋናው ግን ለተሳሳተ ዕቃ ተሰጥቷል።

ስለዚህ ልኬቱ በጥንቃቄ መደረግ አለበት። ለተሽከርካሪ በተመሳሳይ ማደያ ጋኑን ሙሉ መሙላት፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን መመዝገብ፣ የተለመደውን መስመር ደርሶ መልስ መሥራት፣ ከዚያም እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር በተኬደው ኪሎ ሜትር ማካፈል ነው። መለኪያው ደርሶ መልስ መሆን ያለበት ዳገትና ቁልቁለት እንዲካካሱ ነው። ይህ ከመሣሪያው ጋር ሦስት ጊዜ፣ ያለ መሣሪያው ሦስት ጊዜ፣ በተቀራራቢ ጭነት ቢደረግ እውነቱ ይታያል። ያለ መሣሪያው በሦስቱ ዙሮች መካከል የታየው ልዩነት መሣሪያው አስገኘ ከተባለው የሚበልጥ ከሆነ ገዢው የለካው የመንገዱን መለዋወጥ እንጂ የመሣሪያውን ሥራ አይደለም። በቴሌብር የተፈጸሙ የነዳጅ ክፍያዎች መዝገብ ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል።

ለውሃ መሳቢያ ሞተር ልኬቱ ይቀልላል። የሞተሩን ጋን ባዶ አድርጎ በትክክለኛ መለኪያ 1 ሊትር መጨመር፣ የነዳጅ መስጫውን በአንድ ቦታ ላይ ማቆየት፣ ውሃው ከተመሳሳይ ጥልቀት እየተሳበ ሞተሩ እስኪጠፋ ያለውን ደቂቃ መቁጠር ነው። ማግኔቱ ታስሮና ተፈትቶ የተቆጠረው ደቂቃ አንድ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ፍጆታን በእርግጥ የሚቀንሱ ነገሮች

እነዚህ ነገሮች ማስታወቂያ የማይሠራላቸው ስለሆኑ ተራ መስለው ይታያሉ። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አነዳድ ነው፦ በድንገት መፍጠንና በድንገት ፍሬን መያዝ በከተማ ውስጥ ፍጆታን ከ10 እስከ 40 በመቶ፣ በረጅም መንገድ ደግሞ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሊያባብስ ይችላል። በአውቶሞቢል ጣሪያ ላይ የተጫነ ትልቅ ዕቃ ነፋስ ስለሚይዝ በረጅም መንገድ ከ6 እስከ 17 በመቶ ያስወጣል፤ ባዶውን የቀረ ፖርቶመጋላም ነፋስ መያዙ አይቀርም። በጎሚስታ ጥቂት ደቂቃ የሚወስደው የጎማ ንፋስ ፍተሻ ከአራቱም ጎማዎች ለጎደለው ለእያንዳንዱ 1 ፒኤስአይ 0.2 በመቶ ያህል ይመልሳል፤ 10 የጎደለበት ጎማ ይዞ የሚሄድ መኪና በየ50 ሊትሩ 1 ሊትር ያባክናል ማለት ነው። ሞተር አስነሥቶ መቆም እንደ ሞተሩ መጠን በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጨርሳል፤ ነዳጅ ለመቅዳት በተሰለፉበት ቦታ ሞተር ሳያጠፉ መጠበቅ በተለይ የሚያሳዝን ብክነት ነው።

የተበላሸ ነገርን መጠገን ከሁሉም በላይ ሊያተርፍ ይችላል። በማርሚታው ላይ ያለው የኦክስጂን መለኪያ የተበላሸበት መኪና ሲጠገን እስከ 40 በመቶ መሻሻል ሊያሳይ እንደሚችል ይታወቃል። የአየር ፊልትሮን በተመለከተ በካርቡሬተር የሚሠሩ መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ ፍጆታን ይጨምራል፤ በዘመናዊዎቹ ላይ በዋናነት የሚጎዳው ጉልበታቸውን ነው። አቧራ በሚበዛባቸው የገጠር መንገዶች ለሚሠሩ ሁሉ ግን ፊልትሮን መከታተል ሞተሩን ከመበላት ያድናል።

ከግዢ በፊትና በኋላ

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና በዕቃው ምክንያት ለሚደርስበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ስለሆነም «30 በመቶ ይቆጥባል» የሚል ነጋዴ ይህን ያረጋገጠው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ተሽከርካሪና በምን ሁኔታ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባል። በማሸጊያው ላይ የሚታዩ የውጭ አገር ምልክቶች ብቻቸውን መልስ አይሆኑም፤ አንዳንዶቹ አምራቹ ራሱ የሚለጥፋቸው ስለ ደኅንነት የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው፤ የነዳጅ ቁጠባን አይመለከቱም። የሻጩን የንግድ ፈቃድ በሚኒስቴሩ የኦንላይን የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥርዓት ማረጋገጥ ይቻላል። አድራሻው ከማይታወቅ የማኅበራዊ ገጽ ሻጭ የተገዛ ዕቃን በተመለከተ አቤቱታ ቢቀርብም ተጠያቂውን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ደረሰኝ መቀበል ግዴታ የሆነውን ያህል ለገዢው መከላከያ ነው። በደረሰኙ ላይ የመሣሪያው ስም እንዲጻፍ፣ ሻጩ የሰጠው የቁጠባ ተስፋም ከተቻለ በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ ይጠቅማል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ከላይ የተገለጸው ልኬት ከእነዚህ ቀናት ሳይወጣ መጠናቀቅ ያለበትም ለዚህ ነው። «ውጤቱ የሚታየው ከሁለት ወር በኋላ ነው» የሚል ሻጭ ያጋጠመው ገዢ ቀነ ገደቡ እያለፈበት መሆኑን ልብ ማለት አለበት።

ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ አቤቱታ የሚቀርበው ዕቃው ለተገዛበት አካባቢ የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ነው። ለይፋግ ነዋሪዎች የወረዳው መቀመጫ አዲስ ዘመን ሲሆን የዞኑ መምሪያ ደብረ ታቦር ይገኛል። በፌዴራል ደረጃ የቀድሞው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላልፏል። መሣሪያውን ለንግድ ሥራው የገዛ ሰው ጉዳይ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የውልና የሽያጭ ድንጋጌዎች መሠረት በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።

አቤቱታ አቅራቢው ደረሰኙን፣ ማስታወቂያውን ወይም የስልክ መልእክቱን እንዳለ ተቀምጦ፣ የልኬት ማስታወሻውንና መሣሪያውን ከነማሸጊያው ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ በአጭር ጊዜ እንዲታይለት ይረዳል። መሣሪያው በሞተሩ ላይ ጉዳት አድርሶ ከሆነ ወይም እሳት አስነሥቶ ከሆነ የተገጠመበት ሁኔታ ከመፈታቱ በፊት በፎቶግራፍ መቀረጽና መካኒኩ ያየው በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል።